ዳንቴል የለበሰው ላፕቶፕ

ወይንሸት ለእህቷ በስልክ ስታወራ የሰማሁትን ልንገራችሁ። «ብርነሽ ቤት ወንድ ይመጣል» ትላታለች። «በየቀኑ ምሳ ሰዓት። ሲገባም ሲወጣም አይቼው አላውቅም፣ ድምፁን ብቻ ነው የምሰማው። ሽማግሌ ቢጤ ነው። ደግሞ ይቆጣታል።»

ወይንሸት ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ናት። የጀጎል ቤት ግድግዳው ወፍራም ነው ይላሉ፤ እውነት ነው፣ የድሮው። የኔንና የሷን ቤት የለየው ግን በኋላ ቤቱ ለሁለት ተከራይ ሲከፈል በስስ የተሠራ ስለሆነ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ስንት ራስ እንደከተፈች እዚህ ሆኜ እቆጥራለሁ። ያን ቀንም የማንን ጉድ ልሰማ ነው ብዬ ጆሮዬን ለጥፌ፣ ምራቄን እየዋጥኩ ስሰማ፣ ለካ ብርነሽ እኔው ነኝ። ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ብርነሽ የለችም።

ሐሜት እወዳለሁ፣ አልዋሽም። ግን ዕድሜዬን ሙሉ አሚ እንጂ ታሚ ሆኜ አላውቅም። በሰባ አንድ ዓመቴ ወንድ ተገኘብኝ። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ሳቄ ሲያልቅ ቤቱ ጭር አለ፣ እንደ ሁልጊዜው።

ሰውየው ለማ ነው። ባለቤቴ። ከሞተ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆኖታል።

ለማ የመገናኛ ወታደር ነበር፣ ከወሎ ሐረር ተመድቦ የመጣ። ደርግ ወድቆ ጦሩ ሲበተን ጓደኞቹ ወደየአገራቸው ሲገቡ እሱ አልሄደም፤ እዚሁ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኖ አረጀ። መጨረሻ ላይ ኩላሊቱ ደከመና ሐኪም ጨው ከለከለው። እሱ ደግሞ ያለ ጨው እህል አይወርድለትም። እኛ ያሳደግናት የልጅ ልጃችን ብሌን ያኔ ትምህርቷን ጨርሳ ምደባ እየጠበቀች እቤት ነበረች። አንድ ቀን ምሳ ስንበላ ላፕቶፗን ፊት ለፊቱ አስቀምጣ፣ እሱ ሳያውቅ ቀረፀችው።

አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ለማ ሽሮውን ይቀምስና «ብርነሽ፣ ይሄ ነገር ጨው አለው?» ይላል። እኔ «አለው» እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። «የቱ ጋ ነው ያለው? እስቲ አሳዪኝ» ይላል። ከዚያ ስለ ጨው ይጀምራል። ኦጋዴን በረሃ ሳሉ አንድ የመቶ አለቃ ጨው በመሀረብ ቋጥሮ ደብቆ እንዴት እንደተያዘ ያወራል፤ የእናቱን ወጥ ያነሳል፤ መልሶ እኔን ይቆጣል። መጨረሻ ላይ «እሺ በቃ፣ ያንቺ እጅ ስለሆነ እበላዋለሁ» ይላል፣ ብሌን ከት ብላ ትስቃለች፣ ያልቃል።

ብሌን አምና አስተማሪ ሆና አሶሳ ስትመደብ ላፕቶፑን ትታልኝ ሄደች። አሮጌ ነው፤ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ ሶኬት ላይ ካልተሰካ አይነሳም። ጆሮዬ ደከም ስላለ ሁለት ትንንሽ ስፒከር ገጠመችልኝ። እኔ ፊደል ቆጠርኩ እንጂ አልተማርኩም፤ የቱን እንደምነካ በጣቴ እያስያዘች አስጠናችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲል ምሳዬን አቀርብና ለማን እከፍተዋለሁ። እሱ ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ፤ ቪዲዮው ውስጥ ያለችውን ብርነሽ ቀድሜያት። ሽሮዬንም ያለ ጨው ነው የምሠራው። እሱ ጨው የለውም እያለ እኔ ባለ ጨው ብጎርስ ዓይን ያወጣ ውሸት ይሆንብኛል።

አንድ ነገር ብቻ አልቻልኩም። ፊቱን ማየት። ከስቶ፣ ዓይኑ ሥር አብጦ፣ አንገቱ ሸሚዙ ውስጥ ጠፍቶ ነበር። ድምፁ ግን ጤነኛ ነው፣ የወታደር ድምፅ። ስለዚህ መናገር ሲጀምር ዳንቴል አለብሰዋለሁ። ራሴ የሠራሁት ነው፤ ለቴሌቪዥኑም ለሬዲዮኑም አለኝ፤ የላፕቶፑን ግን አቧራ እንዳያሳልፍ ከሥሩ ወፍራም ገበር ሰፍቼለታለሁ። ወሬው ካለቀም በኋላ አላጠፋውም። ትራሱ ላይ እንደለበሰ እተወዋለሁ። ውስጡ አንድ ነገር እፍ... እፍ... እያለ ይሽከረከራል፤ ምሳውን በልቶ ጋደም ያለ ሰው ነው የሚመስለው። እሱን እየሰማሁ ከሰዓቱን እገፋለሁ።

ወይንሸት ለማ ከሞተ በኋላ ስለገባች ድምፁን አታውቀውም፤ የሰማችው እንግዲህ ይሄንን ነው። ልነግራት እችል ነበር። አልነገርኳትም። ይልቅ በማግስቱ ስፒከሩን ወደ ግድግዳው አዞርኩላት፣ በደንብ ትስማ ብዬ። ሻሼንም ቀየርኩ። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ሸዋ በር ገበያ ደረሰ። እድር ላይ ሴቶቹ ከላይ እስከ ታች ያዩኝ ጀመር፤ ብርቱካን የምትባለዋማ ምን ብቀባ ነው ፊቴ የጠራው ብላ ጠየቀችኝ። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ ወሬው ከተማውን ዞረ፣ ደጄን ግን አንድም ሰው አላንኳኳም። እውነት ለመናገር፣ አንዷ እንኳ ለወሬ ብላ ብትገባ ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌ ነበር የምበላው።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ለማን ስከፍተው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ፤ ዶሮ ቆርቆሮ ላይ ጥሬ ስትለቅም እንደሚሰማው። ቀጥሎ ጥቁር ሆኖ ነጭ የፈረንጅ ጽሑፍ መጣ። ነቀልኩት፣ ሰካሁት። ቀጭ፣ ቀጭ። ሽሮው ቀረበ፣ ማንም ጨው አለው ወይ ብሎ አልጠየቀኝም።

ሦስተኛው ቀን ላይ ወይንሸት በግድግዳው ማዶ «ሰውየው ጥሏት ሄደ መሰለኝ» ስትል ሰማኋት። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

የለማን ነገር የምታውቀው ሳፊያ ብቻ ናት። ሳፊያ የድሬ ጠያራ ልጅ ናት፤ ሸዋ በር ሽንኩርትና ድንች ስትሸጥ አርባ ዓመት ሆኗታል፣ ጓደኝነታችንም እንደዚያው። ምላሷ ቃሪያ ነው። ነገሩን ስነግራት ሚዛኗን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ተነሳች። «ተነሺ አቦ ብርኔ፣ ሪድዋን ጋ እንሂድ» አለችኝ። ላፕቶፑን በዳንቴሉ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን አቅፌ ተከተልኳት።

የሪድዋን ሱቅ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ላይ ነው፣ ልብስ ሰፊዎቹ መሀል። ግራና ቀኙ የስፌት መኪና ነው፤ እዚያ ስታወራ ካልጮህክ አትሰማም። ሪድዋን ጠና ያለ ሰው ነው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልገው ዓይነት። ላፕቶፑን ገልብጦ ከሆዱ ሥር ሁለት ብሎን ፈታና መዳፍ የምታህል፣ ስስ የብረት ነገር ሳበ። ሃርድ ዲስክ ነው አለኝ። እኔ እንዲገባኝ ብሎ ነው መሰለኝ በድሮው የሸክላ ማጫወቻ መሰለልኝ፤ ውስጡ ሸክላ አለ፣ ይሽከረከራል፣ መርፌም አለች፣ ታነባለች። ቀጭ ቀጭ የምትለው መርፌዋ ቦታዋ ጠፍቷት ነው። ማሽኑ ራሱ የሚሊኒየሙ ሰሞን የተሠራ ስለሆነ አርጅቷል፣ ግን ሌላው ደህና ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ከተቀየረ ይሠራል አለ።

ከዚያ የት እንደማስቀምጠው ጠየቀኝ። ትራስ ላይ አልኩት። ዳንቴሉን አሳየሁት። ገበሩን በጣቱ ዳሰሰና መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አየኝ።

«እማማ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ ነገር በጎኑና በሥሩ ነው የሚተነፍሰው። አፍነውት ነው።»

ዳንቴሉን ከእጁ ወስጄ ጉያዬ ውስጥ ከተትኩት። 

ሪድዋን ቪዲዮው ሌላ ቦታ ካለ አንድም ችግር የለም አለ። ብሌን ጋ ደወልኩ። ከክፍል ወጥታ ነው ያነሳችው፤ ከኋላዋ ልጆች ይጮኻሉ። ያን አሮጌ ነገር ተይው፣ ስማርት ስልክ እልክልሻለሁ አለችኝ። የስልክ ድምፅ ግድግዳ አያልፍም ብዬ አልነገርኳትም። የአባባ ቪዲዮ አንቺ ጋ አለ ወይ አልኳት።  «እኔ እኮ ካንቺ ጋ አለ ብዬ ነው የተውኩት» አለች። ከዚያ ደወል ተደወለና ገባች።

ሪድዋን ደግሞ ሃርድ ዲስኩን በሽቦ ሰክቶ ጆሮው ላይ አድርጎ ሊሰማው ፈለገ፤ በስፌቱ ጩኸት የት ይሰማል። ወጥቶ ልብስ ሰፊዎቹን ለመናቸው። እግራቸውን ከመርገጫው አነሱ። አርባ ዓመት በዚያ መንገድ ሳልፍ፣ ለቀስተኛ ሲያልፍ ካልሆነ በቀር መኪና ግርግር ዝም ብሎ አይቼ አላውቅም። ሁሉም ወደኛ እያዩ፣ አንዱ መቀሱን እንደያዘ፣ የኔን ለማ አብረው አዳመጡት። ቀጭ። ቀጭ። ከዚያ እፍ... አለ፣ አንዴ። ሪድዋን ቶሎ ነቀለው።

«አንድ ጊዜ ይነሳ ይሆናል» አለ። «ሁለተኛ ግን አላምነውም። ሲነሳ የሚገለበጥበት ዝግጁ መሆን አለበት። መጀመሪያ አዲሱን እንምረጥ፣ ኢንሻላህ ከዚያ እሞክራለሁ።»

ጠረጴዛው ላይ ደረደረልን። ሳፊያ ዘልላ ከሁሉ ትልቁን አነሳች፤ ጡብ የሚያህል፣ ክብደቱን በእጇ እየመዘነች ይሄ ሙሉ ነው፣ ይሄን እንውሰድ አለች። ያ የዴስክቶፕ ነው፣ የላፕቶፕ ሆድ ውስጥ አይገባም ብሎ ከእጇ ወሰደው። እዚህ አገር ስንቱ ከድሬዳዋ ርካሽ አገኘሁ ብሎ እሱን ተሸክሞ እንደሚመጣ ነገረን። ሳፊያ ተናደደች፤ ታዲያ የማይገባውን ለምን ደረደርከው አለችው።

ለኛ የሚሆኑት ሦስት ነበሩ። አንዱ ከፈረሰ ላፕቶፕ የወጣ አሮጌ ነው፣ መቶ ስልሳ ጊጋ። የማን ነበር አልኩት ወዲያው። ሪድዋን ሳቀ። የሰው ነው፣ ምን ያደርግልዎታል አለ። ውስጡ የሆነ የሆነ ነገር ቀርቶ እንደሆነ ብዬ ነው አልኩት። ተጠርጎ ጸድቷል አለኝ። እንግዲያማ ምን ይጣፍጣል። ደግሞ እሱ ራሱ አልወደደልኝም፤ ብዙ የሠራ በቅሎ ነው፣ መንገድ ላይ ሊተኛብዎት ይችላል አለ።

ሁለተኛው አዲስ ነው፣ አምስት መቶ ጊጋ፣ እሱም እንደ ድሮው የሚሽከረከር። ከፊተኛው ቀጠን ስለሚል ቦታው ላይ እንዳይንኳኳ ጎኑ ላይ ላስቲክ ይደረግበታል። ጊጋው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ፤ ስንት እንደሚይዝ ነው አለ። ለማ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፣ ብሌን ያስቀረቻቸው ፎቶዎች አሉ፤ እነሱን ከሦስቱ የትኛውም ይይዛቸዋል፣ ስለ ጊጋው አያስቡ አለኝ።

ሦስተኛውን ከመሳቢያ አወጣው፣ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ወርቅ። ቀላል ናት፣ ባዶ ክብሪት የያዝክ ይመስልሃል። ሸክላም የላት፣ መርፌም የላት። አትሽከረከርም፣ ብትወድቅም አትሰበርም፣ ሙቀትም እንደሌሎቹ አያጠቃትም። ዋጋዋ የሁለቱን ድምር ያህላል፤ ግን እኔን የሚሰሙኝ ከሆነ ይቺን ነው የምመክረው አለ ሪድዋን። ሳፊያም ለነፍስ ነገር ገንዘብ አይታይም ብላ ከመቀነቷ ትፈታ ጀመረች። እኔ ብረቷን ጆሮዬ ላይ አደረግኳት።

«ሲሠራ ምን ይላል?» አልኩት።

«ምንም። ጥቅሟ እሱ ነው። ድምፅ የላትም፣ መኖሯንም አያውቁም።»

መልሼ ጨርቁ ላይ አስቀመጥኳት። «ዝምታ ቤቴ ሞልቷል ልጄ። ገዝቼ ሌላ አላስገባም።»

ሪድዋን ሳፊያን አየ። ሳፊያ ወደ መንገዱ አየች። ሁለተኛውን፣ የሚሽከረከረውን አነሳና ላስቲኩን መፈለግ ጀመረ። እንዲህ ዓይነት ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም፤ ሰው ዝም እንዲልለት ነው የሚከፍለው አለ። ዳንቴሉን ግን አስማለኝ፤ ሁለተኛ እንዳላለብሰው። በእመቤቴ ማልኩ፣ ሳፊያ ምስክር ሆነች።

በማግስቱ ከሰዓት ሄድን። ሪድዋን ወንበር ሰጠኝ፤ ያለ ነገር ወንበር አይሰጥም። ሃርድ ዲስኩ አንዴ ተነስቶ እንደሞተ ነገረኝ። ፎቶዎቹ ገሚሶቹ ወጥተዋል። ቪዲዮውም ወጥቷል፣ ግን አየት አድርገው ይፍረዱ አለና ከፈተው።

«ብርነሽ፣ ይሄ ነገር ጨው አለው?»

ድምፁ ሙሉ ነው። አንድ ቃል አልጎደለበትም፤ የመቶ አለቃውም አለ፣ የእናቱም ወጥ አለ፣ የብሌንም ሳቅ አለ። ምስሉ ነው የፈራረሰው። ገና ሳይጀምር አረንጓዴና ግራጫ ካሬ ካሬ ሆኖ ይቆራረጣል፤ ግማሹ ይቆማል፣ ግማሹ ይሸሻል። ከታች በኩል እጁ አለ፣ ሽሮው ውስጥ እንጀራ ሲያጠቅስ። ከእጁ በላይ ካሬ ነው።

ሪድዋን ምስሉን ላስተካክለው ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ አለኝ፣ ጥፋተኛ ይመስል። ሳፊያ አልሐምዱሊላህ በይ፣ ድምፁ ነው ዋናው፣ አንቺም ድምፁን ነው ስትሰሚ የኖርሽው አለች። እውነቷን ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ያን ፊት ላለማየት ዳንቴል አልብሼዋለሁ። ፎቶማ አለኝ፤ የደንብ ልብስ ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ደረቱን ነፍቶ። ያ የመጨረሻው ፊቱ ግን፣ ያለ ጨው የበላልኝ፣ እዚያ ውስጥ ብቻ ነበር።

ቤት ወስጄ ከፈትኩት። አዲሱ ይሽከረከራል፣ ትንፋሹ ከድሮው ቀጠን ይላል፣ ወጣት ነዋ። ዳንቴሉን አጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩ። አሁን ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ካሬዎቹን አያለሁ። አንዳንዴ በሁለት ካሬ መሀል ቅንድብ የሚመስል ነገር ብቅ ይላል። አጎንብሼ ስጠጋ ይጠፋል፣ ሽሮውም ይቀዘቅዛል። ስፒከሩንም ከግድግዳው መለስኩት፤ የጨዋታው ፍላጎት ጠፋብኝ። ቢሆንም ወይንሸት ሰማች። «ተመልሶ መጣ» ስትል ሰማኋት እኔም።

ኅዳር ላይ ወይንሸት ልጇን ልትድር ሆነና ለሽንኩርት መላጥ ጠራችን። ግቢዋ ውስጥ አሥር የምንሆን ሴቶች ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ሽንኩርቱን በጆንያ ያመጣችው ሳፊያ ናት፤ አውርዳ አልሄደችም፣ ቢላዋ ተቀብላ አጠገቤ ተቀመጠች። ሽንኩርት መላጥ ደግሞ ወሬ ያመጣል። መጀመሪያ የሙሽራውን እናት አማናት፣ ከዚያ የቬሎውን ኪራይ። እኔም የድርሻዬን ጨመርኩ። ሲያልቅብን ወይንሸት ዓይኗን በክርኗ ጠርጋ ወደኔ ዞረች።

«እትዬ ብርነሽ፣ ሰውዎ ተመለሱ አሉ። ለሠርጉ ይዘዋቸው ይመጣሉ ወይስ እንደደበቋቸው ነው የሚቀሩት?»

ሳቅ በሳቅ ሆነ። ብርቱካን ደግሞ ሰውየው የሚቆጣው በጨው ነው አሉ፣ እኛ ወጡን ጨው እናበዛለታለን ይምጣ አለች። የባሰ ተሳቀ።

መልስ ነበረኝ እኮ። ለዚህ ቀን ብዬ ከወራት በፊት ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ የሚያስቅ። አፌን ስከፍት ካሬዎቹ መጡብኝ። እጁ ሽሮው ላይ፣ ከእጁ በላይ ምንም። የያዝኩትን ሽንኩርት ደጋግሜ ላጥኩት፣ እስኪያልቅ። ዓይኔ ፈሰሰ፤ የሁሉም ዓይን ስለሚፈስ ማንም ልብ አላለኝም፣ ከሳፊያ በቀር።

ሳፊያ ቢላዋዋን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«ሰውየው ባሏ ለማ ነው፣ አላህ ይዘንለትና። ድምፁ ተቀርጾ ላፕቶፕ ውስጥ አለ፣ እሱን እየሰማች ነው ምሳዋን የምትበላው። የሞተ ሰው ከመቃብር በየቀኑ ለምሳ እየመጣላት፣ ወይንሸት፣ አንቺ ከግድግዳው ማዶ ሆነሽ ስድስት እርምጃ አቃተሽ?»

አሥር ቢላዋ ባንዴ ቆመ።